ያገለገለ መጽሐፍ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በደብረ ታቦር ከተማ የቀረበ ንግግር)




የስብሰባው አዘጋጅ ኮሚቴ በዚህ ምሽት አጭር ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ፣ «ቀኑን ሙሉ ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት ስንነጋገር ስለምንውል፣ አንተ ከሙያችን ውጭ ስለምትወደው አንድ ነገር አጫውተን» የሚል ማሳሰቢያ ጨምሮልኝ ነበር። ብዙ ካሰብሁ በኋላ የመረጥሁት ርእስ፣ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡበት ቦታ ቆሞ መጽሐፍ የማገላበጥን ደስታ ነው። ርእሱን ስመርጥ ከሙያችን የራቅሁ መስሎኝ ነበር፤ ጽፌ ስጨርስ ግን ዞሬ ዞሬ እዚያው መግባቴን ተረዳሁ። ስለዚህ ኮሚቴውን ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በቋንቋችን «ያገለገለ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ስለ መኪና ወይም ስለ ልብስ ሲነገር ዋጋን ዝቅ ያደርጋል። «ብዙ ዘመን ያገለገሉ ካህን ናቸው» ሲባል ግን አድማጭ ከመቀመጫው ይነሣል። እንግዲህ መጽሐፍ ሲያገለግል እንደ መኪናው ነው ወይስ እንደ ካህኑ? የዛሬው ንግግሬ ከዚህ ጥያቄ የራቀ አይደለም።

እኔ ያደግሁት በዚሁ አገር፣ በጣራ ገዳም አጠገብ ነው። በቤታችን የነበረው መጽሐፍ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በቆዳ ማኅደር ተከቶ ከምሰሶው ላይ የሚንጠለጠል የአያቴ ዳዊት ነበር። ማኅደሩ በእጅ ብዛት ጠቁሯል፤ የቅጠሎቹም ጫፍ በጣት ወዝ ለስልሷል። አያቴ ግን ስለ መጽሐፉ ሲናገሩ የሚጀምሩት ከማን እጅ እንዳገኙት በመቁጠር ነበር። አሮጌ በመሆኑ ያፈረበት ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ክብሩ ከዚያ የመጣ ነበር።

ይህም የአያቴ ጠባይ ብቻ አይደለም። አባቶቻችን በብራና ከጻፏቸው መጻሕፍት በብዙዎቹ ላይ፣ ባዶ በቀረው ቅጠልና በኅዳጉ፣ መጽሐፉን ማን እንዳስጻፈው፣ ለየትኛው ደብር እንደተሰጠ፣ አንዳንዴም በስንት እንደተሸጠ ተጽፎ ይገኛል። የሰረቀውም ሆነ የፋቀው የተወገዘ ይሁን የሚል ቃልም ይከተላል። ደቡብ ጎንደር የጉባኤ ቤቶች አገር መሆኑን የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም፤ ድጓን ፈልጎ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥእትን ፈልጎ ወደ ዙር አምባ፣ የተክሌን አቋቋም ፈልጎ ወደዚህ ወደ ደብረ ታቦር የሚመጣው ተማሪ፣ ለራሱ ብቻ የሚሆን መጽሐፍ ይዞ የመጣበት ዘመን ጥቂት ነው። አንዱ መጽሐፍ ብዙ ትውልድ ያስተምር ነበር። በሌላ አነጋገር ያገለግል ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ለምሕንድስና ትምህርት ወደ አዲስ አበባ በሄድሁ ጊዜ፣ ይህን ልማድ ሳላውቀው በልቤ ይዤ ሄጃለሁ። የምንማረው አምስት ኪሎ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጓደኞቼ ኳስ ሊያዩ ሲሄዱ፣ እኔ በአራት ኪሎና በፒያሳ አድርጌ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል እወርድ ነበር። የጉዞዬ መጨረሻ በብሔራዊ ቴአትርና በለገሃር አካባቢ የነበሩት የአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ነበሩ። አዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ መልኳን እጅግ ስለለወጠች፣ የምነግራችሁ ያን ጊዜ ስላየሁት እንደሆነ ተረዱልኝ።

ሱቅ ብሎ ለመጥራት የሚያስደፍር ነገር አልነበረም። ከፊሉ ሻጭ በቆርቆሮ ከተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ መጻሕፍቱን እስከ ጣራ ደርድሮ፣ እርሱ ለመቀመጫ ያህል ቦታ አስቀርቶ ይውላል። ከፊሉም ላስቲክ መሬት ላይ አንጥፎ ይዘረጋል፤ ደመና ሲጠቁር ደግሞ የላስቲኩን አራት ማእዘን ይዞ በአንድ ጊዜ ይጠቀልላል። በሞስኮው ሚር ማተሚያ የታተመ የሒሳብ መጽሐፍ ከምግብ አሠራር መመሪያ ጎን፣ የሕግ መጽሔት ከፍቅር ልብ ወለድ በታች፣ የኩራዝ አሳታሚ ድርጅት እትሞች ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በላይ ተቆልለው ይገኛሉ። ሥርዓት የለውም ይሉ ይሆናል። ሻጩን «ጋሼ፣ የመካኒክስ መጽሐፍ አለ?» ብሎ የጠየቀ ግን፣ ሻጩ ቀና እንኳ ሳይል እጁን ከቁልሉ መካከል ሰዶ ሲያወጣ ያያል።

ዋጋውም የሚቆረጠው በክርክር ነው። መጀመሪያ የፈለጉትን መጽሐፍ ሳይሆን አጠገቡ ያለውን አንሥቶ ማየት፣ ከዚያ እንደ ዋዛ ዋናውን ማንሣት፣ ዋጋውን ሲሰሙ አስቀምጦ ሁለት እርምጃ መሄድ የተለመደ ዘዴ ነበር። እኔ በዚህ ዘዴ የተሳካልኝ ሰው አልነበርሁም። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ሻጭ ስቀው፣ «አንተ ልጅ፣ ፊትህ አስቀድሞ ዋጋውን ይነግረኛል» አሉኝ። ቢሆንም አንብቤ ስመልስ ጥቂት ብር ጨምሬ ሌላ እንድወስድ ይፈቅዱልኝ ስለነበር፣ በአራት ዓመት ውስጥ በኪሴ አቅም ፈጽሞ የማይታሰቡ መጻሕፍት አንብቤአለሁ።

የዚህ ነገር ደስታው ምኑ ላይ ነው? ርካሽ መሆኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ቴሌግራም ከፍቶ ማንኛውንም መጽሐፍ ያለ ክፍያ በስልኩ የሚያወርደው ወጣት ከእኔ ይልቅ የታደለ በሆነ ነበር። ስልኩ የጠየቁትን ይሰጣል። ቁልሉ ግን ያልጠየቁትን ይሰጣል። ስለ ኮንክሪት ፈልጌ ሄጄ ስለ ንብ ርባታ የተጻፈ ይዤ የተመለስሁበት፣ መዝገበ ቃላት ፈልጌ ተውኔት ያገኘሁበት ቀን ብዙ ነው። ሰው የሚያውቀውን ብቻ ሲፈልግ ቢኖር የማያውቀው ነገር መኖሩን እንኳ አያውቅም። እኛ መሐንዲሶች ደግሞ ለዚህ በሽታ ከሌላው ይልቅ የተጋለጥን ይመስለኛል፤ ከተመደብንበት ምዕራፍ ውጭ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው ብለን ስለምናስብ።

በዚያ መንገድ ስመላለስ ከቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖልን ምስል ሳላይ ያለፍሁበት ጊዜ የለም። ለሌላው አላፊ አግዳሚ የአደባባይ ጌጥ ነው፤ ለእኔ ግን የጎረቤት ልጅ ነበር። ዛሬ ከተሰበሰብንበት ወጣ ብላ በምትገኘው በጋፋት፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ የተቀለጠው ያ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ገደል እየተናደለትና መንገድ እየተቀደደለት እስከ መቅደላ ተጎትቷል። የዚያን መንገድ ሥራ በሙያችን ዐይን ለሚመለከተው ሰው እስካሁን ያስደንቃል።

ነገር ግን ወደ መቅደላ የሄደው ብረት ብቻ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ሊሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አንድ ሺህ ያህል የብራና መጻሕፍት ሰብስበው ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በኃይል የተወሰዱት ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት እንደሆነ መሸሸግ አይገባም። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር መቅደላ ሲወድቅ፣ የእንግሊዝ ጦር ምርኮውን በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ በደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሸጠው። ወደ 350 የሚጠጉት መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ሄዱ። ከመካከላቸው አንድ ክብረ ነገሥት፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1872 በደብዳቤ ጠይቀው ተመልሶላቸዋል። መድፉ ግን ማንም ሳይወስደው እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። ይህን ባሰብሁ ቁጥር የሚገርመኝ፣ ሰባት ቶኑ ባለበት ሲቀር ሰው በብብቱ ሊይዘው የሚችለው ነገር መጥፋቱ ነው። ቀላል ነገር በቀላሉ ይሄዳል። መጽሐፍም ቀላል ነው።

መጽሐፍን ከመጥፋት የሚያድነው ሁልጊዜ ቤተ መጻሕፍት አይደለም። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ታትሞ ወዲያው ከገበያ እንዲሰበሰብ በተደረገ ጊዜ፣ መጽሐፉን በሕይወት ያቆየው ከእጅ ወደ እጅ በምስጢር መተላለፉ ነው። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. የደረሰበት ጠፋ፤ መጽሐፉ ግን ተነበበ። አንድ መጽሐፍ ዳግመኛ ሳይታተም ብዙ ዘመን ሲቆይ፣ እድሜውን የሚቀጥሉለት አንባቢዎቹና እነዚያ የላስቲክ ላይ ነጋዴዎች ናቸው። በእርግጥ ከዚያ ገበያ ውስጥ ማኅተሙ በምላጭ የተፋቀ የትምህርት ቤት መጽሐፍ አይቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለውን የገዛ ሰው በዚያ ውግዘት ውስጥ እንደሚገባ አያቴ ቢኖሩ ይነግሩኝ ነበር። ደስታው ያለ ኃላፊነት የሚገኝ አይደለም።

አሁን ወደ ሙያችን ልመለስ። በሦስተኛ ዓመት ትምህርቴ፣ የቴርዛጊንና የፔክን የአፈር መካኒክስ መጽሐፍ ከዚያው ቁልል ውስጥ አገኘሁ። መጽሐፉ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ካርል ቴርዛጊ የአፈርን ጠባይ በሳይንስ መመርመር የጀመረው በኢስታንቡል ሲያስተምር እንደነበረና፣ ለሙያው መሠረት የሆነውንም መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1925 እንዳሳተመ ታውቃላችሁ። የገዛሁት ቅጂ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ጀርባው በክር የተሰፋ ነበር። የቀድሞ ባለቤቱ ስሙን አልጻፈም። በኅዳጉ ላይ ግን በእርሳስ፣ በደቃቅና በንጹሕ የአማርኛ ጽሕፈት፣ ብዙ ማስታወሻ አስፍሮ ነበር።

ከእነዚህ አንዱ ስለሚያብጥ የሸክላ አፈር በተጻፈው ገጽ ጎን የሚገኝ ሲሆን፣ አሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ዋልካን በክረምት አትመነው፤ በበጋ ሂድና ስንጥቁን በሽቦ ለካ፤ መሠረትህ ከስንጥቁ በላይ ከቀረ ያወጣሃል። «ያወጣሃል» የሚለው ቃል አሳቀኝ። ያ ሰው የተናገረው ስለ ሕንፃው ሳይሆን ከሥራው ስለሚባረረው መሐንዲስ ነበር።

ከተመረቅሁ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በፎገራ ሜዳ ላይ በአንዲት አነስተኛ የውሃ ማሳለፊያ ሥራ ተመደብሁ። የአፈር ምርመራው ጉድጓድ የተቆፈረው በክረምት ማብቂያ፣ ዋልካው ውሃ ጠጥቶ ስንጥቁ ሁሉ በተዘጋበት ጊዜ ነበር። በወረቀቱ ላይ ስሕተት አይታይም። እኔ ግን ያን የእርሳስ ጽሕፈት አስታውሼ፣ በጥር ወር አንድ ሠራተኛ ይዤ፣ የአጥር ሽቦ አቃንቼ ስንጥቆቹን ለካሁ። ሽቦው ከታቀደው መሠረት በታች ወረደ። ስንጥቁ የሚነግረን እርጥበት በየወቅቱ የሚለዋወጥበት ጥልቀት ቢያንስ እስከዚያ ድረስ መሆኑን ነው። ለአለቆቼ አመለከትሁ፤ ምርመራው ተደግሞ መሠረቱ ጠለቅ እንዲል ተደረገ። የማላውቀው ሰው በእርሳስ ጽፎ የተወልኝ ምክር ያን ቀን ከጎኔ ቆሞ ነበር። ምስጋናዬን የማቀርብበት ስም እንኳ የለኝም።

እስካሁን ያወራሁት ስላገኘሁት ነው። አሁን ደግሞ ስለጣልሁት ልናገር።

የመስክን ሥራ ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ መሐንዲስ ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ እኛ «ጋሼ» እያልን ነበር የምንጠራቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ በመንገድ ሥራ ላይ ስለቆዩ፣ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚሄደውን፣ በደርግ ዘመን በቻይና ርዳታ የተሠራውን መንገድ ገና በጥርጊያው ዘመን ያውቁት ነበር። መጻሕፍታቸው ብዙ ነበሩ። ከመጻሕፍቱ ይልቅ ግን እኔን የሚያስቀናኝ የመስክ ማስታወሻ ደብተሮቻቸው ነበሩ። ወደ ርብና ወደ ጉማራ የሚገቡትን ትንንሽ ወንዞች ሲሻገሩ ሁሉ፣ ገበሬውን አቁመው «ትልቁ ሙላት የደረሰው እስከ የት ነው? በየትኛው ዓመት?» እያሉ ይጠይቁና፣ ዋርካውን ወይም ድንጋዩን ምልክት አድርገው ከፍታውን ለክተው ይጽፋሉ። ውሃ ለካ የሚባል መሣሪያ ባልተተከለበት ወንዝ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ በዚህ አዳራሽ ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ጋሼ በአንድ ሐምሌ ወር አዲስ አበባ ዐረፉ። ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ ባለቤታቸው በስልክ፣ «ልጄ፣ ቤቱን መልቀቄ ነው። መጥተህ መጻሕፍቱን እያቸው፤ የምታውቃቸው አንተ ነህ» አሉኝ። እኔም፣ «እትዬ፣ ሥራ ይዞኛል፤ ክረምቱ ይውጣና እመጣለሁ» አልሁ። ውሸት አልነበረም፤ ሥራ ይዞኝ ነበር። በመስከረም መጨረሻ ሄድሁ። እትዬ በልጃቸው ቤት ተቀብለው ቡና አፈሉልኝ። ከዚያም እንዳልከፋ አቀርቅረው፣ «ቆራሌው ወሰዳቸው፣ ልጄ። ብጠብቅህ ቆየህብኝ። ከጋዜጣው ጋር በኪሎ መዝኖ ወሰዳቸው» አሉኝ። ለእኔ ብለው ያስቀሩልኝ ነገር ነበር፤ የጋሼን ስላይድ ሩል በመሃረብ ጠቅልለው ሰጡኝ። ለመሐንዲስ ከወረቀቱ ይልቅ እርሱ የሚጠቅም መስሎአቸው ነበር።

በማግሥቱ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሄጄ ስጠይቅ ዋልሁ። አንድ ወጣት በትዕግሥት ካዳመጠኝ በኋላ፣ «ወንድሜ፣ ወረቀት እዚህ አያድርም» አለኝ። እውነቱን ነበር። ለስኳር መጠቅለያ፣ ለቆሎ መስፈሪያ ሆኖ ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ ከእነዚያ ትንንሽ ወንዞች በአንዱ ላይ መሻገሪያ ለመሥራት የሙላቱን ከፍታ ፈልገን፣ ሦስት ሽማግሌዎች ሦስት የተለያየ ቦታ አሳይተውናል። ጋሼ የጠየቋቸው ሰዎች ሞተዋል። ዋርካው ተቆርጧል። በመጨረሻ ለጥንቃቄ ብለን ከፍ አድርገን ሠራነው፤ ምናልባት በከንቱ ገንዘብ አውጥተን ይሆናል፤ ምናልባትም አሁንም አንሶ ይሆናል። መልሱ በአንድ ደብተር ውስጥ በኪሎ ተሸጧል። ጥፋቱ የቆራሌው አይደለም፤ የእትዬም አይደለም።

ዛሬም አሮጌ መጻሕፍት ባየሁበት ሁሉ እቆማለሁ። ደስታው አልጠፋም። ነገር ግን መጽሐፍ ሳነሣ ከአርእስቱ ይልቅ አስቀድሜ ኅዳጉን እገልጣለሁ። የጋሼን የእጅ ጽሕፈት አንድ ቀን አገኘው ይሆናል እያልሁ ነው። እስካሁን አላገኘሁትም፤ የሌሎችን ግን ብዙ አግኝቻለሁ፤ ለአንዳቸውም «ክረምቱ ይውጣና» አላልሁም።

ክቡራንና ክቡራት፤

ንግግሬን የምደመድመው ለማኅበራችን ሦስት ቀላል አሳቦች በማቅረብ ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዳችን በመጻሕፍታችንና በመስክ ደብተሮቻችን ላይ ስማችንን፣ ቦታውንና ዓመቱን እንጻፍ፤ ለማን እንደሚተላለፉም ለቤተ ሰባችን እንንገር። ሁለተኛ፣ አንድ ባልደረባ ሲያርፍ ለልቅሶ ብቻ ሄደን አንመለስ፤ አርባው ሳያልፍ ከመካከላችን ሁለት ሰዎች በቤተ ሰቡ ፈቃድ መጻሕፍቱን ይመልከቱ፤ የሚወሰደውም በነጻ ሳይሆን በተገቢ ዋጋ ይሁን፤ በዚያ ሰዓት ቤተ ሰብ ገንዘብ ያስፈልገዋልና። ሦስተኛ፣ ደብተሮቹ በአንድ መደርደሪያ ይቀመጡ፤ ተደጋጋሚ የሆኑት መጻሕፍት ግን ለአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች ይሸጡ። እዚህ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና የሚማር ልጅ፣ እኔ በቸርችል ጎዳና ያገኘሁትን ዕድል በከተማው ገበያ ያግኝ። ከመደርደሪያ ላይ ሳይነካ አቧራ ከሚጠጣ መጽሐፍ፣ ሦስት ጊዜ ተሸጦ ሦስት ሰው ያስተማረው ይበልጣል።

ያን የቴርዛጊንና የፔክን መጽሐፍ ይዤ መጥቻለሁ። በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አኑሬዋለሁ። ሻይ ስትጠጡ አገላብጡት። በመካከላችን ያረጁ ባልደረቦች አሉና፣ የእርሳሱን ጽሕፈት የማን እንደሆነ የሚያውቅ ቢኖር፣ እባካችሁ ስሙን ንገሩኝ። ምስጋና አለብኝ።